ክቡር እንግዳን በከተማ ምግብ ቤት ስለ መጋበዝ

የንግድ ሰው ከውጭ አገር የመጣ ገዢን፣ ወይም ለብዙ ዓመት በመተማመን አብሮት የሠራ ደንበኛውን እራት ለመጋበዝ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳስበው የምግብ ቤቱ ስም ነው። «ከሁሉ የሚበልጠው ሆቴል የትኛው ነው?» ብሎ ወዳጆቹን ይጠይቃል፤ ከወዳጆቹም አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ያመሰግንለታል። በዚህ ዓይነት የተመረጠ ቤት አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ ብዙ ጊዜ ግን ብዙ ብር ወጥቶበት እንግዳው ሳይበላ የሚነሣበት ማዕድ ይሆናል። ምክንያቱም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ እንግዳው ነው።

እንግዳን በቤት ማብላትና በገንዘብ በሚሸጥ ማዕድ ማብላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አባቶቻችን ቀድመው ተረድተውት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ የመጀመሪያ የሚባለውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ባቋቋሙ ጊዜ ምግብን በዋጋ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበረ ቤቱ ተመጋቢ አጥቶ እንደ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱን አስቀድመው በመጋበዝ ካስለመዷቸው በኋላ ከፍለው እንዲበሉ እንዳደረጓቸው ይነገራል። ሆቴሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ቢቃጠልም፣ ታሪኩ በከተማው ሰው አፍ እንዳለ ነው። በቤት ግብዣ ጊዜ ማን እንደሚጾም፣ ማን ሥጋ እንደማይቀምስ፣ ማን መጠጥ እንደተወ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት፤ ድስቱንም በዚያው ዕውቀቷ ታዘጋጃለች። በምግብ ቤት ግን ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ የእመቤቲቱን ሥራ የሚወርሰው ራሱ ጋባዡ ነው፤ ካልወረሰውም የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጦር ኃይሎች አካባቢ መኖሪያና መጋዘን ያለው አንድ የጥራጥሬ ላኪ አለ እንበል። ከህንድ አገር የመጣ ገዢ ሰኞ ገብቶ ሐሙስ ይመለሳል፤ ለእራት የተመቸው ቀን ረቡዕ ብቻ ነው። ላኪው ክርስቲያን ሲሆን ረቡዕን ይጾማል። በሥራው ተካፋይ የሆነው የኮልፌ ነጋዴ ደግሞ እስላም ነው። ሦስቱ በአንድ ገበታ ሊቀመጡ ነው። እንዲህ ያለው ጉባኤ በከተማችን ብርቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው።

ስሙ የገነነ ቤት ተመርጦ ቢሆን፣ ክትፎና ጥብስ ከፊት ለፊታቸው ይቀርብ ነበር። ላኪው ስለ ጾሙ አይነካውም። ተካፋዩ ከብቱን ያረደው ማን እንደሆነ ሳያውቅ እጁን አይሰድም፤ ምንም ደፍሮ ባይጠይቅ ሰላጣ እየቆነጠረ ያመሻል። ህንዳዊውም ብዙ የአገሩ ነጋዴዎች እንደሚያደርጉት ሥጋ የማይቀምስ ከሆነ፣ ሦስት ሰዎች በአንድ የተከበረ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሦስቱም ይራባሉ ማለት ነው።

እነሆ፣ ይኸው ገበታ በአንድ ጥያቄ ይቃናል። በደንብ የተሠራ የጾም በያይነቱ፣ ማለት ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ሱፍ ፍትፍቱና ሽሮው ሦስቱንም ያለ ሐፍረት ያጠግባል። ለጥራጥሬ ገዢም የሚሸጥለትን ምስርና ሽንብራ በወጥ መልክ ማሳየት ራሱን የቻለ የሸቀጥ ናሙና ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። በፍስክ ቀን ሽሮውና ጎመኑ ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል «የጾም ነው» የሚለው ቃል ከወጥ ቤቱ አፍ መሰማት አለበት፤ ከአስተናጋጁ ብቻ መስማት አይበቃም። ከህንዳውያንም መካከል የጃይን እምነት የሚከተሉት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስለማይበሉ፣ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ካልታዘዘ በዚያው ሰዓት ሊገኝ አይችልም። ዓሣ ደግሞ የሚያስታርቅ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ አያስታርቅም፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ክርስቲያን አለ፣ ፈጽሞ የማይበላም አለ።

ጋባዡ የቀን መቁጠሪያን ሳይመለከት ቀን መቁረጥ የለበትም። ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ የጾም ቀኖች ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ግን ሁለቱም አይጾሙም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚፈጅ ሲሆን ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም በየወቅታቸው ይመጣሉ። በረመዳን ወር የሚጋበዝ እስላም እንግዳ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ምንም ስለማይቀምስ፣ ገበታው ለማፍጠሪያው ሰዓት የደረሰ፣ ተምርና ውሃም አስቀድሞ የቀረበበት መሆን ይገባዋል። መጠጥን በሚመለከት ደግሞ ራሱ ባይጠጣም ሌሎች ሲጠጡ አብሮ መቀመጥን የማይወድ ሰው አለና አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። ወይን በማይቀርብበት ገበታ ብርዝና የፍራፍሬ ጭማቂ ይበቃሉ፤ ከሁሉም በላይ ጥሩ ቡና። ቡና ላኪ የሆነ ሰው ክፉ ቡና በሚያፈላ ቤት የቡና ገዢ ሊጋብዝ አይገባውም፤ ይህን መናገር ከንቱ ይመስላል፣ ነገር ግን ከታላላቆቹ ቤቶች በአንዳንዶቹ የሚቀርበው ቡና የአገሩን ስም የሚያስጠራ አይደለም።

ስለ ቤቱ ሥፍራ ደግሞ እንናገር። ጦር ኃይሎች ስሙን ከወታደሮቹ ሆስፒታል የወሰደ ሰፈር ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ የሚያበቃው እዚያው ነው። ከተማው በውጭ እንግዶች ዘንድ የሚታወቅባቸው ታላላቅ ሆቴሎች ግን በአብዛኛው በመሀልና በምሥራቅ በኩል ይገኛሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ሒልተን፣ በ1990 ዓ.ም. የተመረቀው ሸራተን፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈቱት በመስቀል አደባባይ ያለው ሐያት ሬጀንሲና በቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስካይላይት ሆቴል ሁሉ ከጦር ኃይሎች ሲነሡ ከተማውን ማቋረጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ሠራተኛ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት በሜክሲኮ በኩል የሚያልፍ መኪና መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ እንግዳው በቦሌ አድሮ ሳለ ለጋባዡ ቤት ይቀርባል ተብሎ በምዕራብ በኩል ያለ ቤት ቢመረጥ ደክሞ የመጣን ሰው ማንገላታት ይሆናል። እንግዳው ከመኝታው ሳይርቅ፣ ጋባዡ ግን መንገዱን ራሱ ቢችለው ይሻላል። እንግዳው ቀኑን መጋዘን ሲያይ ውሎ ወደ ማታ በጦር ኃይሎች ከተገኘ ግን በአቅራቢያው ያለውን የአሮጌ አየር ማረፊያ ሰፈር መመልከት ይበጃል። ይህ ሰፈር ቦሌ በ1950ዎቹ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፍበት የልደታ ሜዳ ስለ ነበረ በዚያው ስም ቀረ። የኤምባሲ ሰዎች በብዛት ስለሚኖሩበት ጸጥ ያሉና የውጭ ሰው አመል የለመዱ ምግብ ቤቶች ይገኙበታል። ከዚያ በማለፍ ሳር ቤት በአፍሪካ ኅብረት ምክንያት ከብዙ አገር የመጣ ሰው የሚመገብበት ሰፈር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ትናንት የነበረ ቤት ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። በፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከምግብ ቤቶቹም ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ፣ ሥራቸውን የተዉም አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የተደሰቱበትን ቤት በማስታወስ ብቻ እንግዳ ይዞ መሄድ ከተዘጋ በር ፊት መቆም ሊሆን ይችላል።

እንግዳው ቀኑንና ሰዓቱን እንዴት እንደሚያነብ ካልታሰበ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብሎ የተጻፈ የግብዣ ካርድ ለእኛ ግልጽ ነው። የውጭ አገር ሰው ግን ወደ ቋንቋው ሲተረጎምለት ቁጥሩን እንዳለ ቢወስደው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ደርሶ ባዶ ወንበር ያገኛል፤ አለዚያም ግራ ገብቶት ይቀራል። በእርሱ አቆጣጠር 19 ሰዓት መሆኑን፣ ቀኑንም በፈረንጆች ወር ጨምሮ መጻፍ ይገባል። ለሆቴሉም ቦታ ሲያዝ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ ማረጋገጥ ነው፤ በታላላቅ ሆቴሎች ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ሁለቱንም አቆጣጠር እያፈራረቀ ስለሚናገር ስሕተት በቀላሉ ይገባል።

የዋጋው ነገር ነጋዴን ሊያታልለው ባልተገባ ነበር፤ ነገር ግን ያታልለዋል። በብዙ ታላላቅ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። በዝርዝሩ 10,000 ብር የሆነ ማዕድ 10 በመቶ የአገልግሎት ዋጋ ሲታከልበት 11,000 ብር ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 12,650 ብር ይደርሳል። ከተጻፈው ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይብ፣ ወይንና ዓሣ ዋጋው ከብር ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ለዘንድሮ መለኪያ አይሆንም። ይህን ለአስመጪዎች ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ነገር ግን በሸቀጡ ላይ የሚጠነቀቀው ሰው በእራቱ ላይ ሲዘናጋ ይታያል።

ደረሰኝ ሲያሰጥም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማስመዝገብ ልማድ ቢሆንም፣ ወጪው ሁሉ ከግብር ይነሣልኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለመዝናኛ የሚደረግን ወጪ በመሠረቱ ተቀናሽ አያደርገውም። እንግዲህ የክብር እራት ግብር ከተከፈለበት ትርፍ የሚወጣ ገንዘብ ነውና፣ መጠኑ በዚሁ ልክ ይታሰብ። አሥር ሰው ጠርቶ በሁለተኛ ደረጃ ቤት ከማብላት ሦስቱን ዋና ሰዎች ጠርቶ በሚገባ ማስተናገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ባለ ዘፈን የባህል ምግብ ቤቶችን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችንን ለሚያይ እንግዳ እስክስታው፣ መሶቡ፣ ጉርሻውም መልካም ትዝታ ይሆናሉ። ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ሥራ በጀመረ ጊዜ ሁለት ሰዎች መደማመጥ ስለማይችሉ፣ ስለ ጭነት ቀንና ስለ ክፍያ ሁኔታ የሚነገር ነገር ካለ በዚያ ቤት አይነገርም። ለመጫወቻ አንድ ቤት፣ ለቁም ነገር ሌላ ቤት ነው። ጉርሻም ቢሆን አስቀድሞ ተነግሮት ፈገግ ላለ እንግዳ እንጂ፣ ሳያውቅ አፉ ላይ ለሚመጣበት ሰው ደስታ አይሰጥም።

እውነተኛው ፈተና ግን ጋባዡ ራሱ ቤቱን ማየቱ ነው። የሚጋብዝበትን ቀንና ሰዓት በመምሰል ከሳምንት በፊት ሄዶ ይቀመጥ። ገበታው ከወጥ ቤቱ በር ወይም ከመጸዳጃው ጎን መሆኑን ይመልከት፤ መጸዳጃውንም ገብቶ ይየው፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ውሃም መኖሩን ይጠይቅ። አሳላፊው ጥያቄውን ሳይሰለች ከመለሰለት፣ የማያውቀውንም «ወጥ ቤት ጠይቄ ልምጣ» ካለው መልካም ምልክት ነው። ሁሉን «አለ፣ አለ» የሚል አሳላፊ ባለበት ቤት እኔ አልጋብዝም። ልጁን አስመርቆ ወይም የጋብቻውን 25ኛ ዓመት ሊያከብር ቤተ ሰቡን ይዞ ለሚወጣ ባለ ሱቅም ምክሩ ይኸው ነው፤ የተለየ ክፍል ከፈለገ ቀብድ ሰጥቶ፣ የሰውን ቁጥር በጽሑፍ አስይዞ ይምጣ።

ሒሳቡን በሚመለከት የአገራችን ልማድ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ በገበታ ላይ መታገል ነው። በወዳጆች መካከል ያምራል፤ በውጭ አገር ገዢ ፊት ግን ግር ያሰኛል፤ እንግዳው ድርሻውን እንዲያወጣ የተጠየቀም ሊመስለው ይችላል። ጋባዡ ሲገባ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ የባንክ ካርዱን ቢያስይዝ ወይም በቴሌብር እንደሚከፍል ቢያስታውቅ ወረቀቱ ጭራሽ ወደ ገበታው አይመጣም። ለአስተናጋጆቹ የሚሰጠውም ጉርሻ እንግዳው ሳያይ በእጅ ይሰጥ። መኪናውን ይዞ በውጭ የሚጠብቀው ሾፌርም እራቱን እንዲበላ አስቀድሞ ይታዘዝለት፤ እንግዳውን ወደ ማረፊያው መልሶ፣ ባለቤቱንም በሌሊት እስከ ጦር ኃይሎች የሚያደርሰው እርሱ ነውና።