ከጥላሸት እስከ ጠርሙስ፦ በስቶክሆልም ለመጀመሪያው ንቅሳት ሲዘጋጁ

በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠሮች ንቅሳት ለብዙ ዘመን የተሠራው በመርፌ ወይም በእሾህ ነው። ቀለሙም ጥላሸት ነበር። ነቃሿ የልጃገረዲቱን አንገት፣ ድድ ወይም ግንባር እየወጋች ጥላሸቱን በቆዳዋ ውስጥ ታሰርጸዋለች፤ ምልክቱም እስከ ዕለተ ሞት አይለቅም። የዚያች ልጃገረድ የልጅ ልጅ ዛሬ ስቶክሆልም ውስጥ አድጋ የአያቷን የአንገት ሐረግ በክንዷ ላይ ለማኖር ብታስብ፣ ዘመናዊው መሣሪያ ሥራውን በጥቂት ሰዓታት ይፈጽምላታል። የመጀመሪያ ንቅሳታቸውን የሚያስነቅሱ ሰዎች ለሥዕሉ ምርጫ ወራት ሲያጠፉ ስለ ቀለሙ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ሳይንሱ የሚያሳስበው ግን ቀለሙ ነው።

የኤሌክትሪክ መንቀሻ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1891 በኒውዮርክ በሳሙኤል ኦራይሊ ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው ሲሆን፣ መነሻው ቶማስ ኤዲሰን ለጽሑፍ ማባዣ የሠራው የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። መርፌው ቀለሙን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዘልቆ ያስቀምጣል። ጥልቀቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የላይኛው የቆዳ ንብርብር በየጊዜው እየረገፈ ስለሚታደስ እዚያ የቀረ ቀለም አብሮ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ደርሚስ ግን ይዞ ያቆያል። አካል ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ማክሮፋጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለም የዋጠው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው ሕዋስ መልሶ እንደሚውጠው አሳይተዋል። ንቅሳት የማይጠፋው እንግዲህ ሰውነት ሊጨርሰው ያልቻለው ትግል ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል።

ከቀለሙ ከፊሉ ግን በተነቀሰበት ስፍራ አይቀርም። በሊምፍ ቧንቧዎች ተጉዞ በአቅራቢያ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይከማቻል። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት ጥናት መነሻም ይኸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ሊምፎማ የተባለው የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር የተገኘባቸውን 1,398 ሰዎች ከ4,193 ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ከሕመምተኞቹ 21 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 18 በመቶ የተነቀሱ ነበሩ። ማጨስንና የትምህርት ደረጃን የመሳሰሉ ልዩነቶች ከተስተካከሉ በኋላ የተነቀሱት የመታመም ዕድል በ21 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ አኃዝ ብዙ አርዕስተ ዜና ቢያወጣም ሁለት ነገሮች አብረው መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ የስታትስቲክሱ የስሕተት ወሰን «ምንም ልዩነት የለም» የሚለውን ውጤትም በጠርዙ ያቅፋል። ሁለተኛ፣ የንቅሳቱ ስፋት ሲጨምር አደጋው አብሮ አልጨመረም፤ ቀለሙ ራሱ መርዝ ቢሆን የሚጠበቀው ግን መጨመሩ ነበር። ሊምፎማ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ሕመም በመሆኑም ጥናቱ ጥያቄ ያነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

የአውሮፓ ኅብረት ግን እስከዚያ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. ከጥር 4 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንቡ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን የሚከለክል ወይም መጠናቸውን የሚገድብ ነው። በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ አንድ ሰማያዊና አንድ አረንጓዴ ቀለሞች ተተኪ እስኪገኝላቸው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። ጠርሙሱ ላይ ቀለሙ ለንቅሳት የተዘጋጀ መሆኑ፣ የይዘቱ ዝርዝርና የምርት ቁጥሩ መጻፍ አለበት። ነቃሹም ይህን መረጃ ለደንበኛው አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በስዊድን ቀለሙን የሚቆጣጠረው የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ሌከመደልስቨርኬት ሲሆን፣ የንቅሳት ቤቱን ንጽሕና የሚከታተለው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ነው። ማንኛውም ንቅሳት ቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ስለዚህ «አስታውቃችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እዚህ ላይ የአያትየው ጥላሸት ይታወሳል። የዛሬውም ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ልዩነቱ በንጽሕናው ነው። ነገር ሳይሟላ ሲቃጠል ከካርቦኑ ጋር ካንሰር አምጪ የሆኑ ሃይድሮካርቦኖችም ይፈጠራሉ። ደንቡ ለእነዚህ ጥብቅ ጣሪያ አስቀምጧል፤ የምድጃ ጥላሸት ግን የሚለካው አልነበረውም። አንድ መርፌ ለብዙ ሴቶች ማገልገሉም ለጉበት ቫይረስ በር ይከፍት ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ቆዳ የሚለዩ ጉዳዮችም አሉ። ቀለሙ የሚቀመጠው ሜላኒን ካለበት ንብርብር በታች በመሆኑ ቢጫና ነጭ የመሳሰሉት ፈዘዝ ብለው ይታያሉ፤ ጥቁር ግን ጎልቶ ይወጣል። ኬሎይድ የተባለው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳም በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይከሰታል። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትከተብ እንዲህ ያለ እብጠት የወጣባት፣ ወይም በቤተሰቧ ያለባት ሴት አስቀድማ የቆዳ ሐኪም ብታማክር ይበጃታል። በኋላ በጨረር ማስጠፋት ይቻላል የሚለው መጽናኛም ቀላል አይደለም። ሜላኒኑ ራሱ ጨረሩን ስለሚስብ ቆዳው ሊቃጠል ወይም ሊነጣ ይችላል። 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር በሜላኒን እምብዛም ስለማይዋጥ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

የቀረው ዝግጅት አጭር ነው፦ በዋዜማው መጠጥ አለመቅመስ፣ ተኝቶና በልቶ መሄድ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን መጠየቅ። የስቶክሆልም በጋ አጭር ቢሆንም ከተነቀሱ በኋላ ቁስሉ እስኪድን ለጥቂት ሳምንታት በሜላረን ሐይቅ መዋኘትና ፀሐይ መሞቅ ይቅር። ቦታው ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢከተል ወደ 1177 የጤና ምክር መስመር መደወል ይቻላል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት ደግሞ ነቃሹ የሚጠቀምባቸውን ጠርሙሶች ጽሑፍና የምርት ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የቀለም አለርጂ ከዓመታት በኋላም ሊነሣ ስለሚችል፣ የቆዳ ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቀለሙ ምን ነበር?» የሚል ነው።