ቀኑ ሲከብድ «ተመስገን» ማለት

«እንዴት ነሽ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ልጆቹስ?»
«ተመስገን፣ ደህና ናቸው።»
«ሥራስ እንዴት ነው?»
«ያው... ተመስገን ነው።»

ይህን ምልልስ ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ አደረጉት? በስልክ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በቢሮ ሊፍት ውስጥ፣ በልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ። እኛ ዘንድ ምስጋና ከወሬው ይቀድማል። የታመመ ሰው ልንጠይቅ ገብተን «እንዴት አደርክ?» ስንለው፣ ሕመሙን ከመናገሩ በፊት ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «አልሐምዱሊላህ» ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ይህ ከእናት አባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ነው።

ግን አንዳንዴ ያ ሦስተኛው «ተመስገን»፣ «ያው...» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣው፣ ምን እንደያዘ ልብ ብለው ያውቃሉ? ከኋላው ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ሊኖር ይችላል። የሐኪም ወረቀት ሊኖር ይችላል። ለማንም ያልተነገረ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ሊኖር ይችላል።

ጊዜው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በደመወዝ የሚተዳደር ቤት ሁሉ ሂሳቡን እንደገና ለመሥራት ተገዷል። የልጆች ክፍያ፣ ዘይቱ፣ የእናት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሁሉም በአንድ ደመወዝ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ክርስቲያን «ተመስገን» ሲል ምን ማለቱ ነው? እውነቱን እየተናገረ ነው ወይስ እየሸፈነ?

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አንድን ዕቃ ለገበያ በሚስማማ መልኩ ማቅረብ ስለሆነ፣ በማሸጊያውና በውስጡ ባለው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት በየቀኑ አያለሁ። ማሸጊያ የቱንም ያህል ቢያምር ውስጡ ባዶ ከሆነ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም። ምስጋናም እንደዚያው ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ ወር የምስጋናን ማሸጊያ ትተን ውስጡን አብረን እንድናይ እጋብዝዎታለሁ።

እንባና ምስጋና በአንድ መቃብር

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ የአልዓዛርን ታሪክ ያስታውሱ። ጌታ ወደ ወዳጁ መቃብር ሲደርስ አለቀሰ። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ በዚያው መቃብር ፊት ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ አባቱን አመሰገነ። እንባውም ምስጋናውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ ሆኑ። አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ጸሎተ ሐሙስን ደግሞ ያስቡ። ኅብስቱን አንሥቶ ያመሰገነው አልፎ በሚሰጥበት ሌሊት ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዋና ክፍል «አኮቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኮቴት ማለት ደግሞ ምስጋና ነው። መከራውንና ሞቱን የምናስብበት ሰዓት የምስጋና ስም አለው ማለት ነው። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ይህን ማዕድ ለመጥራት የሚያገለግለው የግሪክ ቃል ትርጉሙ ያው ምስጋና ነው።

ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በማንኛውም ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንዲያመሰግኑ ሲጽፍ፣ ሕመምን «ጥሩ ነው»፣ ማጣትን «ጣፋጭ ነው» በሉ አላላቸውም። ሕመሙ ሕመም ነው። ምስጋናው የሚቀርበው በሕመሙ ውስጥ አብሮን ላለው ነው።

ማልቀስም ጸሎት ነው

ብዙዎቻችን «አማኝ ሰው አያማርርም» ተብለን አድገናል። መዝሙረ ዳዊትን ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ከመዝሙሮቹ ከሲሶ የሚበልጡት የሰቆቃ ጸሎቶች ናቸው። «እስከ መቼ?» ብለው የሚጠይቁ፣ «ለምን ተውኸኝ?» ብለው የሚጮኹ ናቸው። አያቶቻችን ዳዊት ሲደግሙ ማለዳ ላይ ይህን ጩኸት ከምስጋናው ጋር አብረው ያሰሙ ነበር።

ኢዮብንም ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ ሰግዶ ፈጣሪውን ሲባርክ። በሦስተኛው ምዕራፍ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያም ምዕራፍ በምዕራፍ ይሟገታል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው የኢዮብን ቁስል በንግግር ባባሱት ወዳጆቹ ላይ ነው። እነዚያ ወዳጆች የሠሩት ጥሩ ነገር ቢኖር መጀመሪያ ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነው። እኛም ለቅሶ ቤት ሄደን ዝም ብለን መቀመጥ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ይህ ባህላችን ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

«ለሚስትህ ደግሞ እውነቱን ንገራት»

ታላቅ ወንድሜ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የእሱም ስም ወጣ። ወንድሜ ለማንም አልተናገረም። በየማለዳው እንደ ወትሮው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ልጆቹን ስሞ ይወጣ ነበር። ቀኑን ግማሹን ሥራ በማፈላለግ፣ ግማሹን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር በመቀመጥ ያሳልፋል። ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስትለው «ተመስገን» ይላል። ለሰባት ሳምንት እንዲህ ቆየ።

አንድ ቀን የንስሐ አባቱ እዚያው ዛፍ ሥር አገኙት። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ብዙ አልመከሩትም። «ልጄ፣ ተመስገን የሚባለው ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ሁሉን ያውቃል። ለሚስትህ ደግሞ እውነቱን ንገራት፤ እሷ አታውቅም» አሉት።

ያን ማታ ነገራት። የወንድሜ ሚስት መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሥራ በማጣቱ ሳይሆን ሰባት ሳምንት ብቻዋን በመተዋ። ከዚያ አለቀሰች። በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። መኪናዋ ተሸጠች። ትልቋ ልጅ ወጪ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ሲነገራት የሙዚቃ ትምህርቷን ራሷ «ለጊዜው ይቅር» አለች። የጽዋ ማኅበራቸው አባላት ወሬውን ሲሰሙ የአንድ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ አዋጥተው አመጡ። ወንድሜ ይህን መቀበል ከሥራ ከመቀነሱ በላይ ከብዶት ነበር።

ዛሬ ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ እየሠራ ነው። መኪናዋ አልተመለሰችም። ነገር ግን የቤቱ «ተመስገን» ሌላ ሆኗል። የሚያመሰግኑበትን ነገር በስም ያውቁታል፤ ያዋጡትን ሰዎች በስም ያውቋቸዋል፤ የጎደለውንም እንዲሁ።

እውነቱ ባይነገር ኖሮ ማኅበርተኛው ምን ብሎ ያዋጣ ነበር? ጳውሎስ ከእስር ቤት ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በመከራው ስለተካፈሉት ያመሰግናቸዋል። ሊካፈሉት የቻሉት መታሰሩን ስለሰሙ ነው። ችግሩ ያልተነገረለት ሰው የሚረዳው አያገኝም፤ ወዳጆቹም የመርዳት በረከት ያልፋቸዋል።

በከፋ ዘመን ያመሰገኑ

በአውሮፓ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ይባል በነበረው ዘመን ማርቲን ሪንካርት የሚባል ቄስ በጀርመን አይለንቡርግ ከተማ ያገለግል ነበር። ከተማዋ ቅጥር ስላላት ከጦርነቱ የሚሸሽ ሰው ሁሉ ይጎርፍባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1637 ወረርሽኝ ገባ። ሌሎቹ አገልጋዮች ሲሞቱና ሲሸሹ ሪንካርት ብቻውን ቀረ። በዚያ አንድ ዓመት ከ4,000 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ በቀን እስከ 50 የሚደርሱበት ጊዜ ነበር። ከቀበራቸው መካከል የገዛ ሚስቱ ነበረች። ይህ ሰው በዚያ የጦርነት ዘመን የጻፈው የምስጋና መዝሙር ዛሬም በብዙ አገሮች ይዘመራል። መዝሙሩ መጀመሪያ የተጻፈው ለቤተሰብ የማዕድ ጸሎት እንዲሆን መሆኑ ይበልጥ ልብ ይነካል።

ከአገራችን ደግሞ ወላይታን እንውሰድ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሚስዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ የተዉት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነበር። ከዚያ በኋላ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ተገረፉ። ውጭ የቀሩት ወንድሞችና እህቶች ግን ለታሰሩት ምግብ ማመላለሱን አላቋረጡም፤ ከራሳቸው ሰዎች አልፎ ለሌሎች እስረኞችም ያካፍሉ ነበር። ዘመድ ያልሆነ ሰው ለእስረኛ ስንቅ ሲሸከም ያየው ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች ምን አግኝተው ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 ተጠግተው አገኟቸው።

በሁለቱም ታሪክ ምስጋናው በቃል ብቻ አልቀረም። አንዱ ቀብር አስፈጸመ፤ ሌሎቹ ስንቅ ተሸከሙ።

ሳይንሱስ ምን ይላል?

ሮበርት ኤመንስ እና ማይክል ማካሎ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎችን በቡድን ከፍለው አንዳንዶቹ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች፣ ሌሎቹ ደግሞ ያስቸገሯቸውን ነገሮች እንዲጽፉ አደረጉ። ምስጋናቸውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። አማኝ ግን ለጤናው ብሎ ብቻ አያመሰግንም፤ ሰጪውን ስለሚያውቅ ያመሰግናል። ጥቅሙ በጎን የሚመጣ ምርቃት ነው።

በቤትዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ

በእራት ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ የሚያመሰግንበትን ነገር በዝርዝር ይናገር። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ዝናቡ ሳይመታኝ ታክሲ ስላገኘሁ» ይበል። ትንንሽ ልጆች በዚህ ከእኛ ይበልጣሉ።

በዚያው ማዕድ አንድ የከበደ ነገር ለመናገርም ቦታ ይስጡ። ለልጆች የባንክ ሂሳብ መዘርዘር አያስፈልግም፤ «በዚህ ዓመት ገንዘብ ስላነሰን አንዳንድ ነገር እንቀንሳለን፤ እናንተ ግን አትስጉ፤ አብረን ነን» ማለት ይበቃል። ልጆች የሚፈሩት በሹክሹክታ የሚወራውን ነው።

ሰውንም በስሙ ያመስግኑ። በቤት ሥራ የምታግዝዎትን ልጅ፣ የግቢውን ጥበቃ፣ የልጅዎን መምህር። እግዚአብሔር ብዙውን ስጦታ የሚልከው በሰው እጅ ነው።

ያዘነ ሰው ጋ ሲሄዱ «ይልቅ አመስግን፤ ከዚህ የባሰም አለ» አይበሉ። ያ ምስጋና ከእሱ አፍ በራሱ ጊዜ ሲወጣ ያምራል፤ ከእኛ አፍ ሲወጣ ግን ይጎዳል። እንጀራ ይዘው ይሂዱና ይቀመጡ።

ሐዘኑ ለሳምንታት አልለቅ ብሎ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ደግሞ ሐኪም ማማከር እምነት ማጉደል አይደለም። ጸሎቱም ሕክምናውም ከአንድ ምንጭ የተሰጡ ናቸው።

ዕንባቆም የበለስ ዛፍ ባታብብ፣ ከወይኑ ፍሬ ቢጠፋ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ሲናገር የጎደለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው። በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጉን፣ ላሙን፤ አንዱንም አልደበቀም። እርስዎም የጎደለውን ለመቁጠር አይፍሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ከጎንዎ ማን እንደተቀመጠ ይመልከቱ፤ ከዚያ «ተመስገን» ይበሉ።