በደጋማው ሰሜን ሸዋ በአስጨናቂ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች የመንፈስ ጽናት የሚገነባበት መንገድ

መግቢያ

የመንዝና የግሼ ደጋ ከጥንት ጀምሮ በውርጩ፣ በገብስ እርሻውና በበግ እርባታው የታወቀ ነው። የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው። ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሚገኘው የመርሐቤቴ ምድር ደግሞ በጀማ ወንዝና በገባሮቹ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። በእንዲህ ያለው አገር የተመደበ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራውን የሚያከናውነው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ እየተጓዘ፣ ከዘመዶቹ ርቆና የበላይ አካል በቀላሉ በማይደርስለት ስፍራ ነው።

በዚህ ላይ የጦርነት ጫና ተጨምሯል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ በልዩ ልዩ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ለዘረፋና ለጉዳት ተዳርገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። አባቱን ያጣ ልጅ በፊቱ ተቀምጦ የሚያስተምር መምህር፣ እርሱም በበኩሉ ያጣው ነገር ሊኖር እንደሚችል አይዘነጋም። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ በሥራው ላይ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያስችለው ኃይል ከየት ይመጣል? የሚለው ጥያቄ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የመምህራንን ቁጥር ያህል የሚያሳስብ ጥያቄ ነው።

የውጥረት ምንነት

ብዙ ጊዜ ጽናት የግለሰብ ጠባይ እንደሆነ ይታሰባል። ሠራተኛው የታገሠ እንደሆነ «ልበ ሙሉ ነው» ይባላል፤ የከበደው እንደሆነ ደግሞ በድክመት ይታማል። በሥራ ላይ የሚደርሰውን ውጥረት የመረመሩ ሊቃውንት ግን ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያቀርባሉ። ሮበርት ካራሴክ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሠራተኛን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የሥራ ብዛትና በሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣት አንድ ላይ ሲገናኙ መሆኑን አመልክተዋል። ቆይተው የመጡ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ጨምረዋል፤ ይኸውም ከባልደረባና ከኃላፊ የሚገኝ ድጋፍ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣውን የመንፈስ መዛል ሲተረጉም፣ በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ውጥረት የሚመነጭ መሆኑን ገልጿል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የማያፈራ መስሎ መታየት። ድርጅቱ ሁኔታውን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ስለሆነም መፍትሔው በሠራተኛው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀትም ውስጥ መፈለግ አለበት።

ከአካባቢው ልማድ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ሐሳብ ለመንዝ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሣር አጠባበቅ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። አምባው ለተወሰኑ ዓመታት እየተዘጋ፣ በጋራ ስምምነት እየተከፈተ፣ ተጠቃሚዎቹ በየተራ እየጠበቁት ኖሯል። ሥርዓቱ ለብዙ ዘመን የጸናው ጥቂት ብርቱ ጠባቂዎች ስለነበሩት አይደለም፤ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚተካበት ደንብ ስለነበረው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነባሩ ሥርዓት በፈረሰ ጊዜም ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አደራጅቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

ዕድርም ሌላው ምሳሌ ነው። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ዕድርተኛው ብቻውን አይተወውም፤ አብሮት ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀዳለታል፣ እህል ያቀርብለታል፤ ያልተናገረውን እንዲናገር ግን አያስገድደውም። የዓለም የጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ መመልከትን፣ ማዳመጥንና ከሚረዳ አካል ጋር ማገናኘትን ያዝዛል። በአንጻሩ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ በአንድ ስብሰባ ሁሉንም እንዲተርክ ማድረግ ጠቃሚ ሆኖ አልተገኘም።

ይሁን እንጂ አንድ ክፍተት መኖሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ መምህር ብዙ ጊዜ የአካባቢው ዕድርተኛ አይደለም። መርሐቤቴ የተወለደች መምህርት ግሼ ላይ ስታስተምር የእናቷ መርዶ ቢደርሳት፣ እርሟን የምታወጣው ከማን ጋር ነው? ሕዝቡን የሚያገለግለው ሠራተኛ፣ ሕዝቡ ለራሱ ካበጀው የጽናት ሥርዓት ውጭ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ተግባራት በትምህርት ቤትና በወረዳ ደረጃ መፈጸም ይቻላል።

አንደኛ፣ አዲስ የተመደበ ሠራተኛ ሲመጣ ርእሰ መምህሩና የቀበሌው ሽማግሌዎች ከዕድር ጋር ሊያስተዋውቁት ይገባል። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን በሚገናኙበት ጊዜ፣ ለሪፖርት ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራቸው ጭንቀት ለመመካከር የሚሆን ሰዓት ሊመደብላቸው ይገባል። በዚህ ሰዓት የሚነገረው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና መዋል የለበትም፤ የተናገረ የሚቀጣ ከሆነ የሚናገር አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ከባዱ ሥራ በተራ መያዝ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ የታቀደ ነበር። አንዷ ስትለቅ ምትክ ካልተላከ ግን የቀረችው ሠራተኛ የሁለቱን ሸክም ተሸክማ ዕረፍቷንም ታጣለች። በትምህርት ቤትም ብዙ ሐዘንተኛ ልጆች ያሉበትን ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለአንድ መምህር ብቻ መተው ተመሳሳይ ጉዳት አለው።

አራተኛ፣ ሠራተኛው በሚመለከተው ጉዳይ ድምፅ እንዲኖረው ማድረግ ያስፈልጋል። የክፍለ ጊዜ ድልድል በምክክር ቢወጣ፣ የዝውውር ደንቡ አስቀድሞ ቢታወቅና ደመወዝ በወቅቱ ቢከፈል፣ ከብዙ የማበረታቻ ንግግር ይበልጥ ልብን ያጸናል።

በመጨረሻም፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ወይም ከሰው መገለሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀበት ሠራተኛ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ወደ ጤና ተቋም ሊላክ ይገባዋል። ለራሱ ሕይወት የሚያሰጋ ንግግር የተሰማበት ግን አንድ ቀን እንኳ ሊቆይ አይገባም። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው የአገሪቱ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ ያለመው ታማሚው ሩቅ ሳይጓዝ እንዲረዳ በማሰብ ነው።

ማጠቃለያ

ጽናትን ከሠራተኛው ብቻ መጠየቅ፣ ጓሳን አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቀው እንደማለት ይቆጠራል። ዕቅድ አውጪው ስለ አንድ የደጋ ትምህርት ቤት ሲያስብ «ስንት መምህር ተመደበ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ፣ «መምህሩ ሲደክመው ማን ይተካዋል? ሲያዝንስ ማን አብሮት ይቀመጣል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍሉን በመምህር ይሞላዋል፤ መምህሩን በክፍሉ የሚያቆየው ግን የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ነው።