ቀነኒሳ በአቴንስ 5,000 ሜትር ለምን ተቀደመ?

በእኛ ከተማ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩልም ሆነ በኢትዮጵያው፣ ተማሪዎች ስለ ሩጫ ሲከራከሩ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ይኸውም ነሐሴ 22 ቀን 1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 28 ቀን 2004) በአቴንስ ኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለ እንዴት ሊቀደም ቻለ የሚለው ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀነኒሳ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ርቀቱን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዟል። በአቴንስም ነሐሴ 14 ቀን የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወስዷል። በ5,000 ሜትር ግን የሞሮኮው ሒሻም ኤል ጌሩዥ በ13 ደቂቃ ከ14.39 ሴኮንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ቀነኒሳ በ13 ደቂቃ ከ14.59 ሁለተኛ፣ የኬንያው ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ13 ደቂቃ ከ15.10 ሦስተኛ ሆነ። አንደኛውንና ሁለተኛውን የለየው የሴኮንድ አምስተኛ እጅ ነው፤ በርቀት ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው።

ብዙ ሰው «ደክሞት ነው» ይላል። ይህ መልስ አያረካኝም። ኤል ጌሩዥም ቢሆን የ1,500 ሜትሩን ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ሮጦ ነሐሴ 18 ቀን ወርቅ ካገኘ በኋላ ነው የቀረበው። የ5,000 ሜትሩን ማጣሪያም ሁለቱም ሮጠዋል።

ምክንያቱን ከሰዓቱ ላይ መፈለግ ይሻላል። 5,000 ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ቀነኒሳ ክብረ ወሰኑን ሲይዝ አንዱን ዙር በአማካይ በ60.6 ሴኮንድ ሮጧል። በአቴንስ ግን አማካዩ 63.6 ሴኮንድ ያህል ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሴኮንድ ዘግይቷል ማለት ነው፤ የማብቂያው ዙር እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ የመጀመሪያዎቹ ከዚህም የዘገሙ ነበሩ።

አሁን ሁለቱን ሯጮች እናመዛዝን። ኤል ጌሩዥ በ5,000 ሜትር ያስመዘገበው ምርጥ ሰዓት 12 ደቂቃ ከ50.24 ነው፤ ከቀነኒሳ በ13 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። በ1,500 ሜትር ግን የዓለም ክብረ ወሰን የእርሱ ነው፤ 3 ደቂቃ ከ26.00። ቀነኒሳ በዘመኑ ሁሉ በዚህ ርቀት ከ3 ደቂቃ ከ32.35 አልወረደም። እንግዲህ ውድድሩ በዝግታ ሲጀመር ሁሉም ጉልበቱን ይቆጥባል፤ የመጨረሻው ደወል ሲደወል የሚቀረው ለ1,500 ሜትሩ ሰው የተመቸ ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ በ1995 ዓ.ም. የተደረገውን የፓሪሱን ዓለም ሻምፒዮና ሊያነሣ ይችላል። በዚያ ሩጫው ፈጣን ነበር፤ ኪፕቾጌ በ12 ደቂቃ ከ52.79 ሲያሸንፍ ኤል ጌሩዥ ሁለተኛ፣ ቀነኒሳ ሦስተኛ ወጥተዋል። ነገር ግን ይህ ሰዓት ለኤል ጌሩዥ ገና ከአቅሙ በታች ነበር። እርሱን ከኋላ ለማስቀረት ከ12 ደቂቃ ከ50 በታች መሮጥ ያስፈልግ ነበር።

ይህ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ከባድ ነው። ክብረ ወሰን በሚሰበርባቸው ውድድሮች ፍጥነት የሚያወጡ ሯጮች ይቀጠራሉ፤ በኦሊምፒክ የሉም። ሆኖም በአቴንሱ ፍጻሜ ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያምና ደጀኔ ብርሃኑም ነበሩ፤ 4ኛና 5ኛ ሆነው ገብተዋል። ሦስቱ ከመጀመሪያው ተራ በተራ ቢመሩ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር የሚል እምነት አለኝ።

በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሩጫው እንደገና በዝግታ ተጀመረ። ቀነኒሳ ግን የመጨረሻውን ደወል አልጠበቀም፤ ገና በርካታ ዙሮች ሲቀሩ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ጨመረ። በ12 ደቂቃ ከ57.82 አንደኛ ሲገባ፣ ሁለተኛ የወጣው ኪፕቾጌ አምስት ሴኮንድ ያህል ርቆ ነበር።