የመኪና ነጋዴ ፈቃዱን የሚያጣው እንዴት ነው? የካሊፎርኒያ ሕግና አሠራር

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት መኪና መነገድ የሚችለው ከግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ፣ በነዋሪው አጠራር ከዲኤምቪ፣ የነጋዴነት ፈቃድ ያወጣ ሰው ወይም ድርጅት ብቻ ሲሆን፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ካልታደሰ አያገለግልም። አመልካቹ የጣት አሻራ ሰጥቶ የቀድሞ ታሪኩ ይጣራል፤ ቢሮ፣ መኪኖቹ የሚታዩበት ግቢና ከውጭ የሚነበብ የድርጅት ምልክት ያለው ቋሚ የንግድ ቦታ እንዳለው በመርማሪ ይረጋገጣል፤ ያገለገሉ መኪኖችን ብቻ የሚሸጥ ከሆነም ትምህርት ወስዶ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለምክንያት አልመጣም። የመኪና ነጋዴ ዕቃ ሸጦ ዋጋውን ብቻ የሚቀበል ባለሱቅ አይደለም፤ የሽያጭ ግብሩንና የምዝገባ ክፍያውን ከገዢው ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስተላልፈው፣ የስም ማዛወሪያ ሰነዱንም ወደ መምሪያው የሚልከው እርሱ በመሆኑ የሌላ ሰው ገንዘብና የሌላ ሰው ንብረት ለጊዜው በእጁ ያድራሉ። ፈቃድ የሚያሳጡት ጥፋቶች ብዙዎቹ ከዚህ አደራ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አደራው እንዳይባክን ሕጉ ዋስ ያስጠራል። በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የ50,000 ዶላር ዋስትና ያስመዘግባል፤ ለነጋዴዎች ብቻ በጅምላ የሚሸጥና በዓመት ከ25 ያነሱ መኪኖችን የሚያገበያይ ግን 10,000 ዶላር ይበቃዋል። ዋስትና ማለት እዚህ ላይ ነጋዴው ባንክ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ሳይሆን፣ አንድ የዋስትና ድርጅት ክፍያ እየተቀበለ፣ ነጋዴው በማጭበርበር ወይም ግዴታውን ባለመወጣት ለሚያደርሰው ጉዳት እስከዚያ መጠን እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርመው ውል ነው። ድርጅቱ የከፈለውን መልሶ ከነጋዴው ስለሚጠይቅ ዋስትናው የሚጠብቀው ገዢውንና መንግሥትን እንጂ ነጋዴውን አይደለም።

ፈቃዱ ከነጋዴው እጅ የሚወጣው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። የመጀመሪያው ክስም ሆነ ዳኛ የማያስፈልገው፣ ፈቃዱ በሕግ በራሱ ቀሪ የሚሆንበት መንገድ ነው። ነጋዴው የተመዘገበበትን የንግድ ቦታ ጥሎ ሲሄድ፣ የዋስትናው ዘመን ሲያበቃ ሌላ ሳይተካ ሲቀር፣ ድርጅቱ በግዛቱ ዋና ጸሐፊ ዘንድ ያለው ሕጋዊ ሰውነት ሲታገድ ወይም የሽያጭ ግብር ለመሰብሰብ የተሰጠው ፈቃድ ሲነሣ የነጋዴነት ፈቃዱም አብሮ ይወድቃል። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በሕግ በራሱ የሚመጣው እግድ ነው፤ ዋስትናው ለተጎጂ ተከፍሎበት መጠኑ ከቀነሰ፣ ወይም ነጋዴው የመጨረሻ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰጥቶበት ዕዳውን ሳይከፍል ከቆየ፣ ዋስትናው እስኪሟላ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ፈቃዱ ይታገዳል። ይህ አሠራር ሳይሰሙ መቅጣት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቦታ፣ ዋስትናና የግብር ፈቃድ ነጋዴነቱ የቆመባቸው ምሰሶዎች ስለሆኑና ወደ ግቢው የሚገባ ገዢ መጉደላቸውን በምንም መንገድ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ሕጉ ሙግት እስኪያልቅ አለመጠበቁ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በጥፋት ምክንያት የሚመጣው ስረዛ ሲሆን፣ የግዛቱ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 11705 ምክንያቶቹን በዝርዝር ይዟል። በማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ፣ የተሰረቀ መኪና እያወቁ መገበያየት፣ ለነጋዴ የሚሰጠውን ልዩ ሰሌዳ ላልተፈቀደ ጉዳይ ማዋል፣ ለመምሪያው ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በማስታወቂያ ከተነገረው ዋጋ በላይ መሸጥና የተጓዘውን ማይል የሚያሳየውን ቆጣሪ ወደኋላ መመለስም ፈቃድ ያስነሣሉ፤ የኋለኛው እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ በፌዴራል ሕግም የተከለከለ ነው።

ገዢዎችን ክፉኛ የሚጎዱት ግን እንዲህ ስማቸው የገነነ ጥፋቶች ብቻ አይደሉም። ነጋዴው ያገለገለ መኪና በሸጠ በ30 ቀን፣ አዲስ በሸጠ በ20 ቀን ውስጥ የምዝገባ ሰነዱንና ክፍያውን ለመምሪያው ማቅረብ አለበት፤ ይህን ካላደረገ ገዢው ሙሉ ዋጋ በከፈለበት መኪና ላይ የባለቤትነት ማስረጃ ሳያገኝ፣ ቋሚ ሰሌዳም ሳይደርሰው ይቆያል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ገዢው ዕዳው ያላለቀ አሮጌ መኪናውን ለነጋዴው አስረክቦ ዋጋው ከአዲሱ ላይ ሲታሰብለት የሚደርሰው ነው። ሕጉ ነጋዴው ያንን ዕዳ በ21 ቀን ውስጥ ለአበዳሪው እንዲከፍል ያዛል፤ ካልከፈለ ግን አበዳሪው የሚያውቀው ብድሩን የፈረመውን ሰው ስለሆነ፣ ገዢው በእጁ ለሌለው መኪና ጭምር የሁለት መኪና ዕዳ ይሸከማል። ኪሳራ የገባ ነጋዴ መጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ገንዘብ ነው።

መምሪያው ጥፋት አለ ብሎ ሲያምን መርማሪዎቹ የሽያጭ መዝገቡን ፈትሸው የጽሑፍ ክስ ይቀርባል። ነጋዴው መልስ ሰጥቶ ከጠየቀ ጉዳዩ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ይሰማል፤ ይህ ዳኛ የመምሪያው ሠራተኛ ሳይሆን የአስተዳደር ክርክሮችን የሚሰማ የሌላ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። ዳኛው የውሳኔ ሐሳቡን ለመምሪያው ያቀርባል፤ ቅጣቱም እግድ፣ ስረዛ፣ ወይም ስረዛው ሳይፈጸም ነጋዴው በሙከራ ፈቃድ እየተጠበቀ እንዲሠራ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ በገንዘብ ቅጣትና በስምምነት የሚዘጋበት ጊዜም አለ። የሕዝብ ጥቅም አስቸኳይ ከሆነ የመምሪያው ዳይሬክተር ክርክሩ ሳይሰማ ፈቃዱን ቢበዛ ለ30 ቀን ማገድ ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን ክርክሩ ተሰምቶ መወሰን አለበት። ነጋዴው ክሱን ሸሽቶ ፈቃዱን በፈቃዱ ቢመልስ እንኳ ክሱ አይቋረጥም። ምክንያቱም ፈቃዱ በጥፋት የተሰረዘበት ሰው፣ ራሱ ባለቤት ሆኖ ወይም በሌላ ድርጅት ኃላፊነት ተመዝግቦ እንደገና ሲያመለክት መምሪያው ስረዛውን ይዞ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ጥፋቱ በውሳኔ መረጋገጡ ትልቅ ትርጉም አለው።

በይግባኝ ረገድ ሕጉ ሁሉንም በአንድ ዓይን አያይም። የአዲስ መኪና ነጋዴ የመምሪያውን ውሳኔ በመቃወም የአዲስ ሞተር ተሽከርካሪዎች ቦርድ ለተባለው አካል አቤት ማለት ሲችል፣ ያገለገለ መኪና ነጋዴ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይህም ለሙግት ብዙ አቅም ለሌለው ትንሽ ነጋዴ ከባድ ነው።

የነጋዴው ፈቃድ ሲሰረዝ የገዢው ጉዳት አብሮ አይሰረዝም። 50,000ው ዶላር ለሁሉም ተጎጂዎች በጋራ የቆመ በመሆኑ ጥቂት መኪኖች ብቻ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ነጋዴው ሥራ አቁሞ ሲጠፋ ለሚጎዱ ገዢዎች ከየሽያጩ በሚሰበሰብ ገንዘብ የቆመ የማካካሻ ፈንድ መኖሩም ለዚህ ነው። በሎስ አንጀለስና በሌሎች የግዛቱ ከተሞች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነጋዴው በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከተደራደረ ውሉን በዚያው ቋንቋ ተርጉሞ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አማርኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ ስለሌለ በአማርኛ የተነገረ የቃል ተስፋ፣ በተለይም የአሮጌው መኪና ዕዳ ይከፈላል የሚለው፣ በእንግሊዝኛው ውል ላይ መስፈሩ ከመፈረም በፊት መረጋገጥ አለበት። የነጋዴው ፈቃድ ጸንቶ ያለ፣ የታገደ ወይም የተሰረዘ መሆኑን ማንም ሰው ከመምሪያው መዝገብ ማየት ይችላል።