የደረቅ ቅባት ነገር በጉባ ቆላ

ቀለህን በገዛ እጃቸው ባሩድ በሚሞሉ የአሜሪካ ዒላማ ተኳሾች ዘንድ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ዓረርን በሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ዱቄት መቀባት እጅግ ተለምዶ ነበር። ጥቁሩ ዱቄት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ስለ ሆነ ንጣፎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ፍትጊያውም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የባሩዱ ግፊትና የዓረሩ ፍጥነት አብሮ ስለሚቀንስ ልኩ በጥንቃቄ እንደገና መመዘን ነበረበት። ዱቄቱም በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ሲቀር እርጥበት እየያዘ ብረቱን ያዝገዋል የሚል ስሞታ ተነሣበት።

የማንኩሽ የብረታ ብረት ነጋዴ ከዚህ የሚወስደው አለ። በበጋ አቧራ ላይ ፈሳሽ ዘይት አፈሩን ይዞ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋልና ለበር ቁልፍ ደረቅ ቅባት ይመረጣል፤ ለዚያውም ርካሹ ግራፋይት ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን አሮጌው ዱቄት ተጠርጎ ብረቱ ስስ ዘይት ይቀባ። ጥይትን በሚመለከት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩ አይዘንጋ።