የማይዝግ ብረት ሲዝግ

የባለሸራ ጀልባን ምሰሶ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት የተወጠሩ የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዶቹን ከጀልባው አካል ጋር የሚያያይዙት ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ። ታዲያ በአሮጌ ጀልባ ላይ ስለምን ይለወጣሉ?

ይህ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይዟል። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው መከላከያ ሽፋን ይፈጥራል፤ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ኦክስጅን ካገኘ ራሱን ያድሳል። ሰሌዳው የጀልባውን ወለል በሚያልፍበት ጠባብ ክፍተት ግን የባሕር ውኃ ይታቆራል፤ ኦክስጅኑም ያልቃል። በዚያን ጊዜ የጨዉ ክሎራይድ ሽፋኑን ያፈርሳል፤ ከላይ የሚያብረቀርቀው ሰሌዳ ከውስጥ ይቦረቦራል። ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ሰሌዳው ተሰብሮ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ምሰሶው በሌላ ገመድ ተደግፎ፣ ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ይመረመራሉ፤ የተጎዱት ይለወጣሉ፤ ክፍተቱም ውኃ እንዳያስገባ ይደፈናል። የብረቱ ጥንካሬ በስሙ ሳይሆን በሚያገኘው አየር ይወሰናልና።